ሳይግል የሚይዝ ኤሌክትሮማግኔት ለክፍል፦ እንዴት እንሥራው? በምንስ እንፈትነው?

መምህርት_ፊዚክስ

ሰላም ለሁላችሁ። የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ቢከነክነኝ ነው የመጣሁት።

ኤሌክትሮማግኔት ስንማር የተለመደውን ሙከራ ሠራን። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቡሎን ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ኢናሜል ቅብ የመዳብ ሽቦ 300 ዙር ጠመጠምን። ከ3 ቮልት ጋር አገናኘነው። ሚስማር አነሳ፤ አግራፍ አነሳ። ልጆቹ ጨበጨቡ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ኮይሉ (የተጠመጠመው ሽቦ) ለእጅ አልያዝ አለ። ከረንቱን ስለካው 2.3 አምፔር ነው። ወደ 7 ዋት መሆኑ ነው። ያነሳው ግን አንድ እፍኝ ሚስማር ብቻ።

አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ማግኔት ለመሆን ይሄን ሁሉ ኃይል ይበላል? ፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፈው ማግኔት እኮ ምንም ሳይበላ ዓመቱን ሙሉ ይይዛል» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። የሰጠኋት መልስ ግን እኔንም አላረካኝም።

አሁን ከልጆቹ ጋር ሆነን በትንሽ ኃይል ብዙ የሚይዝ ኤሌክትሮማግኔት መሥራት እፈልጋለሁ። ሠርቶ ማሳየቱ ብቻ አይበቃኝም። የትኛው ለውጥ ምን ያህል እንደጠቀመ ራሳቸው ለክተው እንዲያዩት ነው የምፈልገው። የግድግዳ መብራት አንነካም፤ ከ12 ቮልት በላይም አንወጣም። ያለን መለኪያ ማልቲሜትርና የሚንጠለጠል የእጅ ሚዛን ነው።

ከየት ልጀምር? ዙር ልጨምር? ሽቦውን ላወፍር? ወይስ ባትሪውን ላሳድግ?

ብየዳና_ሽቦ

እህቴ፣ ባትሪውን አትንኪው። ቮልቴጁን እጥፍ ስታደርጊው ከረንቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን አራት እጥፍ ይሄዳል።

እኔ ሞተር ስጠመጥም ነው የኖርኩት። አዲስ ሰው ሁሌም የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። «ዙር ከጨመርኩ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል» ይላል። ቮልቴጁና የሽቦው ውፍረት ካልተቀየሩ ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ቁጥሩን እንየው። 0.5 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በሜትር ወደ 0.088 ኦም አለው። አንዱ ዙር በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 300 ዙር 15 ሜትር ነው፤ ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚቃወምበት መጠን) 1.3 ኦም። በ3 ቮልት 2.3 አምፔር። ልክ አንቺ የለካሽው።

አሁን ዙሩን 600 አድርጊው። የላይኞቹ ድርቦች ሰፋ ስለሚሉ አንዱ ዙር በአማካይ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል እንበል። 36 ሜትር፣ 3.2 ኦም ገደማ። ከረንቱ ወደ 0.95 አምፔር ይወርዳል። ኃይሉ ወደ 2.9 ዋት። ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው።

ተማሪ_ቀን_በቀን

ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ከረንቱ ከግማሽ በታች ከወረደ ማግኔቱም በግማሽ አይደክምም?

ብየዳና_ሽቦ

ጥሩ ጠየቅክ ልጄ። ማግኔቱ የሚያየው ከረንቱን ለብቻው አይደለም። ከረንቱ በዙሩ ተባዝቶ ነው የሚያየው። እኛ የአምፔር ዙር እንለዋለን።

በመጀመሪያው 2.3 አምፔር በ300 ዙር ሲባዛ 690 ነው። በሁለተኛው 0.95 በ600 ሲባዛ 570። ጉልበቱ ትንሽ ቀነሰ። የቀነሰውም የላይኞቹ ዙሮች ስለረዘሙ ብቻ ነው። ዙሮቹ ሁሉ እኩል ቢሆኑ የአምፔር ዙሩ ንቅንቅ አይልም ነበር። ኃይሉ ግን በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ስለዚህ መዳብ መጨመር ማለት ያንኑ ጉልበት በርካሽ ኃይል መግዛት ነው። ሽቦውን ብቻ አወፍረሽ ዙሩን እንዳለ ብትተዪው ግን በዚያው ቮልቴጅ ከረንቱ ይንራል። ጉልበት ታገኛለሽ፤ ሙቀቱ ደግሞ ይብሳል። ወፍራም ሽቦ የሚጠቅመው ቮልቴጁን አብረሽ ዝቅ ካደረግሽ ነው።

ላብ_ቴክኒሻን

መምህርት፣ ከኮይሉ በፊት ብረቱን ይዩት። ትልቁ ብክነት ያለው እዚያ ነው።

ቀጥ ያለ ቡሎን ሁለት ጫፍ አለው። የማግኔት ፍሰቱ በአንዱ ጫፍ ወጥቶ በሌላው ጫፍ ለመግባት በአየር ውስጥ ረጅም መንገድ ይዞራል። አየር ደግሞ ለማግኔት ፍሰት ክፉ መንገድ ነው። የብረቱ ጥራት እንኳ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ፍሰቱን የሚያስቸግረው አየሩ ነውና። ከ690ው የአምፔር ዙርዎ አብዛኛው ፍሰቱን በአየር ውስጥ ለመግፋት ሄዷል ማለት ይቻላል።

መንገዱን በብረት ይዝጉት። ሁለት ቡሎን ጎን ለጎን ያቁሙ። በአንድ በኩል በጠፍጣፋ ብረት ያስተሳስሯቸው። በሌላው በኩል ክፍት የሆኑት ጫፎች ላይ ሌላ ጠፍጣፋ ብረት ይለጠፍ። ይሄኛውን «ተያዥ» እንበለው፤ ክብደቱ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። አሁን ፍሰቱ ከብረት ሳይወጣ ይዞራል። በዚያ ላይ በአንድ ጫፍ ፋንታ ሁለት ጫፎች ይስባሉ።

ይሄ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዊልያም ስተርጅን እ.ኤ.አ. በ1825 ያሳየው የመጀመሪያው ኤሌክትሮማግኔት ራሱ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ነበር። 200 ግራም ገደማ የሚመዝን ብረት 4 ኪሎ ያህል አነሳ። ያኔ ሽቦው ራቁቱን ስለነበር ስተርጅን ብረቱን ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ዙሮቹ እንዳይነካኩ አራርቆ ነው የጠመጠመው። ጆሴፍ ሄንሪ ደግሞ ሽቦውን ራሱን አለበሰው። ዙር በዙር ላይ መደረብ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1831 የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አነሳ፤ ያውም በአንዲት ትንሽ ባትሪ። ብየዳና_ሽቦ ያሉት የመዳብ ነገርና የብረቱ መንገድ ሲገናኙ የሚሆነው ይሄ ነው።

ሲሠሩ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። ጠፍጣፋው ብረት በተቆረጠ ፊቱ ስፋት ከቡሎኑ ማነስ የለበትም። የ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን የተቆረጠ ፊቱ ስፋት 1.13 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 25 በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት 1.25 ስለሚሆን ይበቃል። ቀጭን ከሆነ ብረቱ ይጠግብና ፍሰቱ ወደ ውጭ ይፈሳል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ኮይሎች በተቃራኒ አቅጣጫ መሥራት አለባቸው። አንዱ ጫፍ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ። በኮምፓስ ያረጋግጡ። ሁለቱም ሰሜን ከሆኑ ከረንቱ በትክክል ያልፋል፣ ኮይሉ ይግላል፣ ማግኔቱ ግን ደካማ ነው፤ ልጆች ምክንያቱን ሲፈልጉ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሦስተኛ፣ የሚነካኩትን ፊቶች ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግታችሁ አስተካክሉ።

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይናቅ። 1 ቴስላ (የፍሰት ጥግግት መለኪያ ነው) የሆነ ፍሰት በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 40 ኒውተን ይስባል፤ 4 ኪሎ ማለት ነው። ጉልበቱ የሚሄደው ከፍሰቱ ስኩዌር ጋር ስለሆነ ግማሽ ቴስላ ሲሆን 1 ኪሎ ብቻ ይቀራል። አሁን በእያንዳንዱ ጫፍና በተያዡ መሃል አንድ ሉክ ወረቀት ያስገቡ። ተራ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ጫፍ 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተፈጠረ። በዚያች ክፍተት ብቻ 1 ቴስላ ለማሻገር ወደ 160 የአምፔር ዙር ይፈጃል። ክፍተቱ በእያንዳንዱ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን 1600 ገደማ። ጫፉ ሸካራ ሆኖ የማይታይ ክፍተት ከቀረ ያቺን ክፍተት በባትሪ ሲከፍሏት ይኖራሉ።

የመጀመሪያው ፈተናም ይሄው ይሁን። የወረቀቱን ብዛት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይጨምሩ። በየጊዜው ስንት ኪሎ ላይ እንደሚለቅ ይመዝግቡ። ግራፉን ልጆቹ ራሳቸው ይሳሉት።

ቆጣቢ_ሙከራ

እኔ እንዲህ ያለውን በሁለት ቡሎን ሠርቼዋለሁ። 0.1 ዋት በማይሞላ ኃይል 5 ኪሎ ይይዝልኛል። ዝም ብሎ ሰዓታት ይይዛል! 5 ኪሎ ተንጠልጥሎ 0.1 ዋት ብቻ ከሆነ የዚህ መሣሪያ ብቃት ከ100 ፐርሰንት በላይ አይደለም እንዴ? እንደ ነፃ ኃይል ማመንጫ ቢሞከርስ?

ላብ_ቴክኒሻን

ወንድሜ፣ ሥራህ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩም የሚታመን ነው። ግን መደምደሚያው ላይ ላቁምህ። ልጆችም ሊጠይቁት የሚችሉት ስለሆነ በደንብ እንየው።

መያዝ ሥራ አይደለም። በፊዚክስ ሥራ ማለት ጉልበት በተጓዘበት ርቀት ሲባዛ ነው። የተንጠለጠለው 5 ኪሎ አልተንቀሳቀሰም። ርቀቱ ዜሮ ከሆነ ሥራው ዜሮ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ መንጠቆም 5 ኪሎ ይዞ ዓመት ይቆያል፤ ምንም ኃይል አይበላም። መንጠቆውን ግን ነፃ ኃይል አመነጨ አንለውም።

ስለዚህ ለያዥ ማግኔት በፐርሰንት የሚነገር ብቃት ቢሰላ ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚወጣው። የወጣው ሥራ ዜሮ ነዋ። ያንተ 0.1 ዋት ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ሄዷል። የመምህርት 7 ዋትም እንደዚያው። ልዩነታችሁ አንተ ያባከንከው ትንሽ መሆኑ ነው፤ ያ ደግሞ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የልጅቷ ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ማግኔቱ ጸንቶ ለመቆም ምንም አይበላም። የሚበላው ሽቦው ነው። መዳብ ሬዚስታንስ ስላለው ከረንት ባለፈበት ቁጥር ይሞቃል። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ጁል ይህን ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ነው። ሬዚስታንሱ ዜሮ የሆነ ሽቦ ቢኖረን ከረንቱ አንዴ ከተነሳ ባትሪውን ነቅለን ማግኔቱ ይቀጥል ነበር። ሱፐርኮንዳክተር ኮይል ያላቸው የሆስፒታል ኤምአርአይ መሣሪያዎች የሚሠሩትም እንዲህ ነው፤ ኃይል የሚወስደው ማቀዝቀዣው ነው።

መምህርት_ፊዚክስ

ይህን መልስ ነገ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። በተለይ «የወጣው ሥራ ዜሮ ነዋ» የሚለውን። እስከዛሬ እኔም ብቃትን በፐርሰንት ልናሰላ ነበር ያሰብኩት።

ታዲያ ፐርሰንቱ ካልሆነ ምን እንለካ?

ላብ_ቴክኒሻን

ሁለት ቁጥር ይበቃል። አንደኛው ኒውተን በዋት ነው። ማግኔቱ ሊለቅ ሲል የተሸከመውን ክብደት በበላው ኃይል ማካፈል። ሁለተኛው ለአንድ የተወሰነ ተግባር የወጣ ጁል ነው። ለምሳሌ «2 ኪሎ አንሳ፣ 5 ደቂቃ ያዝ፣ ልቀቅ»። ቮልት በአምፔር በሰከንድ ማባዛት ነው።

ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መሣሪያው በእውነት የሚሠራውን ሥራ የሚመስለው እሱ ነው።

ክብደቱን በውኃ ይጨምሩ። ባልዲ ተያዡ ላይ አንጠልጥሎ ቀስ እያሉ መሙላት። 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። ድንገት ስለሚወድቅ ከፍታው ከመሬት አንድ ጣት ብቻ ይሁን፤ ከሥር አሸዋ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍ፤ የማንም እግር አይጠጋ። እያንዳንዱን ልኬት ቢያንስ አምስት ጊዜ ይድገሙት። የተያዡ አቀማመጥ በትንሹ ሲዛባ እንኳ ውጤቱ ይለያያል።

የሰርኪውት_ሰው

ኃይሉን በኤሌክትሮኒክስ ስለመቀነስ ልጨምር።

ከሩቅ ለመሳብ ብዙ የአምፔር ዙር ያስፈልጋል፤ ክፍተቱ ሰፊ ነውና። ተያዡ አንዴ ከተጣበቀ በኋላ ግን ጥቂት ይበቃል። የፋብሪካ ቫልቮችና ሪሌዎች ላይ የሚሠራበት ዘዴ ይሄ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ከረንት ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ትንሽ ከረንት ለመያዝ።

ከረንቱን በሬዚስተር አትቀንሱት። ከኮይሉ የቀነሳችሁትን ሙቀት ሬዚስተሩ ላይ ነው የምታገኙት። ሞስፌት (እንደ ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል ትራንዚስተር) ተጠቅማችሁ በሰከንድ ጥቂት መቶ ጊዜ አብሩ አጥፉት። ኮይሉ ከረንት በድንገት መቀየር ስለማይወድ በመሃል የሚያልፈው ከረንት ለስላሳ ነው የሚሆነው። አርዱዪኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ቅንብሩን ሳትነኩት በብዛት በሰከንድ 490 ጊዜ ነው የሚያበራ የሚያጠፋው። ለዚህ ኮይል ይበቃል።

ከኮይሉ ጋር በትይዩ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) የግድ ነው። ከረንቱ ሲቋረጥ ኮይሉ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል መውጫ ይፈልጋል። መንገድ ካላገኘ ቮልቴጁ ወደ ላይ ይተኮስና ሞስፌቱን ያቃጥለዋል። 3 ቮልት ባትሪ እንኳ ሲነቀል ጣት ላይ የምትሰማው ንዝረት ከዚያ ነው። ዳዮዱ ሾትኪ ይሁን። ተራው ሲሊከን 0.7 ቮልት ይበላል፤ ሾትኪ 0.3 ገደማ። በ3 ቮልት መሣሪያ ላይ ይሄ ልዩነት ይታያል።

ስትለኩ ደግሞ ከባትሪው በኩል ለኩ። የባትሪው ቮልቴጅ ካልተናወጠ አማካይ ከረንቱን በቮልቴጁ ማባዛት እውነተኛውን ኃይል ይሰጣል። እንዳይናወጥ ባትሪው አጠገብ ትልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) አድርጉ።

ተማሪ_ቀን_በቀን

ተያዡን በእጃችን ነው የምናስጠጋው። ታዲያ ከሩቅ መሳብ ካላስፈለገ ትልቁ ከረንት ለምን ያስፈልጋል? ከመጀመሪያው በትንሹ አንጀምርም? በአንድ ቻርጅ የሚደረግ 1.2 ቮልት ባትሪ ብቻ?

የሰርኪውት_ሰው

ልክ ነህ። በእጅ የሚገጠም ከሆነ ኤሌክትሮኒክሱ ጨርሶ አያስፈልግም። እንዲያውም አንድ ያልተናገርኩት ነገር አለ። አርዱዪኖው ራሱ በ5 ቮልት ወደ 50 ሚሊ አምፔር ይስባል። ሩብ ዋት ነው። ማግኔቱ ከሚበላው በላይ ሊሆን ይችላል። ቁጠባውን ስታሰሉ የመቆጣጠሪያውንም ድርሻ ቁጠሩ። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳዋል፤ እኔም ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ።

መምህርት_ፊዚክስ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሠርተነዋል!

ሁለት ቡሎን፣ በእያንዳንዱ ላይ 300 ዙር። ብየዳና_ሽቦ እንዳሉት ዙሩን በአንድ ቡሎን ላይ ከመደራረብ በሁለት ማካፈሉ የዙሩን ርዝመት አሳጠረልን። በጠቅላላው 30 ሜትር ሽቦ፣ 2.6 ኦም። በ3 ቮልት 1.15 አምፔር፤ 3.5 ዋት ማለት ነው። የአምፔር ዙሩ እንደ መጀመሪያው 690 ነው። ኃይሉ በግማሽ ወርዶ የቀድሞውን ያህል የአምፔር ዙር አገኘን። ጉልበቱ ግን ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። ቀጥ ያለው ቡሎን ሊይዘው ያልቻለውን ባልዲ ይሄኛው ሞልቶ እያለ ያዘው።

ከዚያ በሞስፌቱ ከረንቱን እያወረድን ሄድን። 0.2 አምፔር ላይ 5 ኪሎ ያዘ። ከባትሪው የወጣው 0.15 ዋት ነው። ልጆቹ ኮይሉ ውስጥ ያለውን ሲያሰሉ 0.104 ሆነባቸው። «የቀረው የት ሄደ?» ብለው ተከራከሩ። አንዱ ቡድን ዳዮዱን በጣቱ ነክቶ ለማወቅ ሞከረ፤ ሙቀቱ ግን በጣት አይታወቅም። በመጨረሻ 0.3 ቮልት በ0.2 አምፔር፣ ሦስት አራተኛውን ጊዜ ብሎ አስልቶ የቀረው ዳዮዱ ላይ እንደሄደ ደረሰበት። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብታዩት!

አንድ ሌላ የወደድነው ሙከራ አለ። የኮይሉን ሙቀት ያለ ቴርሞሜትር ለካን። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሬዚስታንሱ ወደ 0.39 ፐርሰንት ይጨምራል። የአሮጌው ኮይል ከ1.3 ወደ 1.5 ኦም ወጣ። 15 ፐርሰንት ነው፤ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው። ማልቲሜትሩ እንዲህ ያለ ትንሽ ኦም በቀጥታ ሲለካ ስለሚሳሳት ቮልቱን በአምፔሩ አካፍለን ነው ያገኘነው።

አሁን ሁለት ችግር አለብኝ። ባትሪውን ስነቅለው ተያዡ አይወድቅም። ባዶውን ከሆነ ጭራሽ ተጣብቆ ይቀራል። ደግሞ አንድ ልጅ ከአሮጌ ማይክሮዌቭ ውስጥ ትራንስፎርመር አውጥቼ ላምጣ ይለኛል፤ ብረቱ ጥሩ ነው አሉ። ምን ትላላችሁ?

ብየዳና_ሽቦ

ከሁለተኛው ልጀምር። በጭራሽ እንዳያመጣ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል። ልጅ የሚከፍተው ዕቃ አይደለም። ዛሬውኑ ንገሪው።

መጣበቁ የሚመጣው ብረቱ ውስጥ ከሚቀረው ማግኔት ነው። የተጠናከረ ቡሎን ጠንካራ ስለሆነ ማግኔቱን ቶሎ አይለቅም። ለስላሳ ብረት ይሻላል። ብረት በእሳት ቀልቶ ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለሰልሳል፤ ግን ክፍል ውስጥ አይሠራም። ዚንክ የተቀባ ቡሎን ደግሞ ማንም እሳት ውስጥ እንዳይከተው፤ ጭሱ ያሳምማል።

ቀላሉ መፍትሔ ጫፎቹ ላይ አንድ ድርብ ናስትሮ መለጠፍ ነው። ክፍተቱ የቀረውን ማግኔት ይሰብረዋል። የመያዝ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ግን ይለቃል። ወረቀት እያስገባችሁ የሳላችሁት ግራፍ ስንት እንደምታጡ አስቀድሞ ይነግራችኋል።

ሌላው መንገድ ባትሪውን ለቅጽበት ገልብጦ መስጠት ነው። ረጅም ከያዛችሁት ግን በተቃራኒው ማግኔት ሆኖ መልሶ ይይዛል።

መምህርት_ፊዚክስ

ናስትሮው ሠራ። ልጁንም አነጋግሬዋለሁ፤ እናቱም ሰምታለች።

አሁን ውድድር አወጣን። ሕጉ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን 30 ሜትር ሽቦ ይሰጣል። 1 ኪሎ ይዞ 5 ደቂቃ መቆየትና በትእዛዝ መልቀቅ አለበት። ያሸነፈው በትንሹ ጁል የጨረሰ ነው። ከረንቱን ሳንቀንስ 3.5 ዋት በ300 ሰከንድ 1050 ጁል ነበር። በ0.15 ዋት ደግሞ 45 ጁል።

ያቺ የመጀመሪያዋን ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ያለችበት ቡድን ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ለመያዝ ቋሚ ማግኔት እናድርግ። ኤሌክትሪኩን ለመልቀቅ ብቻ እንጠቀምበት» አሉኝ። ሌሎቹ ቡድኖች «ይሄ ማጭበርበር ነው» እያሉ ነው። ልፍቀድ?

ላብ_ቴክኒሻን

ይፍቀዱላቸው መምህርት። በእውነተኛው ዓለም የሚሠራበት ነው። በተመሳሳይ ሐሳብ አልኒኮና ኒዮዲሚየም (ሁለት ዓይነት ቋሚ ማግኔቶች) አጣምረው የሚሠሯቸው ማግኔቶች አሉ። አጭር የከረንት ምት የአልኒኮውን አቅጣጫ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ለመያዝም ሆነ ለቆ ለመቆየት ምንም አይበሉም።

አንድ ምክር ብቻ። ወፍራም ኒዮዲሚየም አይግዙ። ለኮይሉ ኒዮዲሚየም እንደ አየር ክፍተት ነው የሚሆንበት። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ለመሰረዝ ከ4000 በላይ የአምፔር ዙር ያስፈልጋል። የእናንተ 690 ነው። ቀጭን ፌራይት (ተራው ጥቁር ቋሚ ማግኔት)፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሁለቱን ቡሎኖች በሚያስተሳስረው ብረት መንገድ ላይ ይግባ። እሱን ሊያሸንፉት ይችላሉ። የመልቀቂያውን ጁል መቁጠር እንዳይረሳ።

መምህርት_ፊዚክስ

ትናንት ተወዳደሩ። በመጀመሪያው ሙከራ ቁልፉን ሲጫኑ ባልዲው ከመልቀቅ ይልቅ ይበልጥ ተጣበቀ። ባትሪውን ገልብጠው ነበር የገጠሙት። ሌሎቹ ሊስቁ ሲጀምሩ ልጅቷ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይራ እንደገና ሠራችው።

5 ደቂቃ ባዶ ባትሪ መያዣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጠበቅን። ባትሪውን የገጠሙት መጨረሻ ላይ ነው። ቁልፉን ግማሽ ሰከንድ ተጫኑት፣ ባልዲው አሸዋው ላይ ወደቀ። 3 ቮልት በ1.15 አምፔር በ0.5 ሰከንድ፦ 1.7 ጁል።